የተሰፋው አደራ

ደጊቱ ሜዳውን አንዴ ዞራ ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር የሻንጣው እጀታ ከእጇ አመለጠ። ሻንጣው ሳሩ ላይ ወድቆ በጎኑ ተኛ። ዳር የቆሙት ተማሪዎች ሳቁ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀችው ደግሞ ጓደኛዋ ወርቅውሃ ነበረች።

«አንቺ፣ የምትሄጂው አውሬ ልታዪ ነው ወይስ ልትዳሪ?»

መምህር ዓባይነህ አልሳቁም። ዙሩን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ክፍሉ በሙሉ ከሰበታ ተነስቶ ወደ አዋሽ ፓርክ ይሄዳል፤ ሻንጣውን ይዞ ሜዳውን ሁለቴ መዞር ያቃተው ዕቃውን ይቀንስ ብለዋል። የሚያዘውንም ነግረዋቸዋል፤ የተሸፈነ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ውሃ፣ የማይሸት ስንቅ፣ አፈር የሚመስል ልብስ። ነጭ የለበሰን ሰው አውሬው ከሩቅ ለይቶት ይሸሻል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ደግሞ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል ብለው ሴቶቹን አንገት አስደፍተዋል። የደጊቱ እናት ትናንት ማታ የልጇን አናት በቅቤ ያራሰችው ለመንገድ ያምርባት ብላ ነበር።

መምህሩ ሻንጣውን ከፈቱና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ከዚህ ውስጥ ያንቺ የትኛው ነው?»

ደጊቱ ጫማዋንና ባርኔጣዋን አሳየች። ሌላው የሰፈሩ ነው። የሰበታ ሰው መንገደኛ አለ ሲባል ዝም ብሎ አይሸኝም። አንዷ ለናዝሬት እህቷ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ላከች። ሌላዋ ለወንድሟ የጎመን ዘር። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ባሏ ያለው ሞጆ ይሁን ወለንጪቲ በውል ሳታውቅ ሹራብ ልካለታለች፤ ስትጠይቂ ያሳዩሻል ብላ። የደጊቱ እናት ድንቅቱ ሁሉንም በሁለት እጇ ተቀበለች። አደራ አይመለስም፣ አደራ አይፈታም፤ የድንቅቱ ሕግ ይኸው ነው።

መምህሩ ቀና ብለው ለሁሉም ተናገሩ። የፓርኩ ዘበኞች በር ላይ ሻንጣ ይፈትሻሉ። አደን ክልክል ነው፤ አንዲት ጥይት ከተገኘች አውቶቡሱ ሙሉውን ክፍል ይዞ ይመለሳል።

«ሻንጣችሁ ውስጥ የማታውቁት ነገር እንዳይኖር» አሉ።

ደጊቱ ሻንጣዋን ፈጥና ዘጋች። ከሻንጣው ሥር የማታውቀው ነገር ነበር።

ቤት ስትደርስ ጭኮውም፣ ዘሩም፣ ሹራቡም ወደየባለቤቱ ተመለሱ። ድንቅቱ እያጉረመረመች፣ መምህሩን እያማች አደረሰቻቸው፤ መጨረሻ ላይ ሻንጣው ሲቀልላት ግን እሷም ደስ ሳይላት አልቀረም። የቀረው ከሥር የነበረው የኦቦ መገርሳ አደራ ብቻ ነው። እሱን ይዛ እሳቸው ደጅ ለመሄድ አልደፈረችም።

ኦቦ መገርሳ ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ በአደን ስማቸው የሚጠራ። በግድግዳቸው ላይ እንደ ጦር ቀጥ ያሉ ሁለት የሳላ ቀንዶች አሉ። ደጊቱ ከልጅነቷ ጀምሮ እነዚያን ቀንዶች ስታይ ነው ያደገችው፤ አዋሽ መሄድ የፈለገችውም ቀንዶቹን በሕይወት ባለ ሳላ ራስ ላይ ለማየት ነበር። ሰውየው ከክረምት ወዲህ ምንሽር ጠመንጃቸውን አንግተው አልታዩም። ሸጡት የሚል አለ፤ ደበቁት የሚልም አለ። ልጃቸው ሁንዴ አዋሽ ፓርክ ዘበኛ ሆኖ ከተቀጠረ ቆይቷል፤ ለመስቀል እንኳ መምጣት ትቷል።

አደራውን ራሳቸው ናቸው ያመጡት። በአቡጀዲ የተጠቀለለ፣ በወፍራም ክር ዙሪያውን የተሰፋ፣ መጠኑ የዳቦ፣ ክብደቱ የድንጋይ። ሁንዴ በር ላይ ይቀበልሻል አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመምህራችሁ ማሳየት አያስፈልግም» አሉ።

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባት ቀረች። ደጊቱ ጥቅሉን ወዘወዘችው፤ ቀጭ ቀጭ አለ። በጣቷ ዳበሰችው፤ ጎን ለጎን የተደረደረ ቀጭንና ጠንካራ ነገር። አሸተተችው፤ ቆዳና ዘይት።

ወርቅውሃ ሻንጣውን ለማየት መጥታ ነበርና እሷም በተራዋ ዳበሰችው። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ነገር መጠርጠር ከአባቷ ነው የለመደችው ይባላል።

«አልገባሽም እንዴ?» አለች። «ልጅየው ቀን ቀን ዘበኛ ነው፣ ሲመሽ አዳኝ። ጥይቱን ከዚህ አባትየው ይልካል። የሚገድለው አውሬ ቆዳስ በማን ሻንጣ የሚመለስ ይመስልሻል?»

ደጊቱ ይህን አላሰበችም ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት፤ የተደበቀው ጠመንጃ፣ የጠፋው ልጅ፣ ዝቅ ያለው ድምፅ። ባለፈው ሳምንት ኦቦ መገርሳ የሰጧት ሸንኮራ እንኳ ያለነገር አልመስላት አለ።

ወርቅውሃ መላ አላጣችም። ክሩን በምላጭ መፍታት፣ ማየት፣ መልሶ መስፋት። አራዳ ሁኚ አለቻት፤ ስፌቱን እኔ አሳምረዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ካልሆነም ረሳሁት ብለሽ ጓሮ ጣይው።

ደጊቱ ምላጩን ክሩ ላይ አሳረፈችው። ጥይት ቢሆንስ፣ አደራ መፍታቷን ሳትናገር እንዴት አድርጋ ትናገራለች? ባይሆንስ፣ ነገ በአጥሩ ላይ እንዴት አድርጋ እንደምን ዋሉ ትላለች? ምላጩን መለሰችና ጥቅሉን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ወርቅውሃ አልተከተለቻትም፤ የቤት ሥራ እንዳለባት ድንገት ትዝ አላት።

ኦቦ መገርሳ ደጃቸው ላይ የአካፋ እጀታ ይጠርባሉ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?»

ደጊቱ «እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ» ላሏት ሰላምታውን መለሰችና ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።

«ኦቦ፣ ምን እንዳለበት ሳላውቅ አልይዘውም።»

«አደራ ይፈታል እንዴ?»

«አይፈታም። አንቱ እንዲፈቱት ነው ያመጣሁት።»

ኦቦ መገርሳ የአካፋውን እጀታ ጎናቸው አጋደሙት። ከዚያ በያዙት ቢላዋ ክሩን በጠሱት። አቡጀዲው ውስጥ ጥይት የሞላው ዝናር ተጠቅልሏል። ደጊቱ ገምታው ነበር።

«ክፍሉን በሙሉ ሊያስመልሱብን ነበር» አለች።

አልካዱም። የተማሪ ሻንጣ ማን ይበረብራል ብለው ነው። ከዚያ፣ ዓይናቸውን ከአካፋው እጀታ ሳያነሱ፣ ነገሩን አወሩላት። ባለፈው በጋ ምንሽራቸውን ይዘው ወደ አዋሽ ወርደው ነበር። ያስቆማቸው ዘበኛ ሁንዴ ሆኖ ተገኘ። አባቱን በሰው ፊት፣ እንደ ማንኛውም አዳኝ፣ ከዚህ ማለፍ አይቻልም ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አሁን አደኑን ትተውታል። ይህን ልጃቸው እንዲያውቅ ይፈልጋሉ፤ ሄደው መናገር ግን ስላልሆነላቸው ዝናሩን ከነጥይቱ ምልክት አድርገው ላኩት።

«አባት ለልጁ እጅ ሲሰጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ደጊቱ ልታምናቸው ፈለገች። ግማሽ ልቧ አመነ። ግማሹ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ፤ ከቀንዶቹ ሥር ያለው የጠመንጃ መስቀያ ባዶ ነው።

«ምንሽሩስ?»

«ውስጥ ነው፣ ተጠቅልሏል» አሉ። ፈጥነው ነበር የመለሱት። ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት።

«እንግዲያው ዝናሩን ባዶውን ይስጡኝ። ጥይቱን አልይዝም።»

ኦቦ መገርሳ ጥይቶቹን እያወጡ አቡጀዲው ላይ ደረደሩ። እጃቸው አልቸኮለም። ሲጨርሱ ዝናሩ እንደ እባብ ገላ ተጣጠፈ።

«ባዶውን ሲያየው ይገባዋል?»

«እነግረዋለሁ። ተውኩት እንዳሉ እነግረዋለሁ።» ደጊቱ ወደ ጥይቶቹ ጠቆመች። «ጥይቱ አንቱ ጋ እንደቀረም እነግረዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩዋት። የሚቆጡ መስሏት አንድ እግሯን ወደ ኋላ አደረገች። እሳቸው ግን በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ።

«የፓርኩ በር ላይ አንቺን ዘበኛ አድርገው ቢያቆሙሽ ኖሮ ጦጣም አታልፍም ነበር።» ባዶውን ዝናር አቀበሏትና ጨመሩ፤ «ንገሪው።»

ደጊቱ ቤት ገብታ እንደገና ሻንጣዋን አሰናዳች። ጫማ፣ ባርኔጣ፣ የውሃ ኮዳ፣ ቆሎ፣ የታላቅ ወንድሟ ካኪ ኮት። ክዳኑ ሳትጫነው የሚገጥም ሆነ። ዝናሩን ከሥር አላደረገችውም፤ የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ እንዲያየው ከሁሉ በላይ አኖረችው። ከዚያ ፀጉሯን ታጠበች፤ ድንቅቱ በባከነው ቅቤ እያዘነች ውሃውን አፈሰሰችላት።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ደጊቱ ሻንጣውን አንስታ፣ ዝናሩን ልታሳያቸው ወደ መምህር ዓባይነህ ቤት ተነሳች። በጓሮ በኩል አቋራጭ ነበረ። እሷ ግን በኦቦ መገርሳ ደጅ ፊት ለፊት የሚያልፈውን መንገድ ያዘች። ሰውየው ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ ጥይቶቹም ከፊታቸው ናቸው። ሻንጣውን አዩ፤ የምትሄድበትን አቅጣጫ አዩ። ደጊቱ ሳትሮጥ አለፈች።