ያልታጠፈ ጉልበት

የቀድሞው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በልምምድ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ቁምጣ ለብሰዋል። ቀኝ ጉልበታቸው የሕፃን ራስ አክሎ አብጧል፤ ከላይ ወደ ታች የወረደው የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። የታችኛው ከንፈራቸው ከውስጥ በኩል በገዛ ጥርሳቸው ተተልትሏል።

መንደሩ ሬሳው እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልጠበቀም፤ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ገዳይዋ «ቆልማሚዋ» ናት። የዳይሬክተሩ ጉልበት በብረት ከተቀየረ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየመጣች እግራቸውን የምታሠራቸውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲህ ብሎ የሰየማት ራሱ መንደሩ ነው። ሽማግሌውን በየቀኑ የምታስጮህ ሴት አንድ ቀን ብትገድላቸው ማን ይገረማል?

መርማሪዋ ስትደርስ «ቆልማሚዋ» የተባለችው ወጣት ልጅ በሁለት ፖሊሶች መሐል ሳሎን ተቀምጣ ነበር። መርማሪዋ ሽበት የጀመራት፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ሰው ሲያለቅስ እንባውን ትታ እጁን ነው የምታየው። የዳይሬክተሩ አንድያ ልጅ ሲያለቅስም እጁን አየች፤ እንደ ሸሚዙ ንጹሕ ነበር። አባቱ በመሩት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ድምፁ የለሰለሰ ጎልማሳ ነው።

«ከሥራ ስገባ ከበር ስትመለስ አየኋት» አለ። «ገብቼ ሳይ አባባ አልፈዋል። ያን ጉልበት በኃይል እንደምታጥፈው ሁሉም ያውቃል።»

«አልገባሁም» አለች ልጅቷ። «አንኳኳሁ፣ የከፈተልኝ የለም። እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ስሚኝ፣ ይህ ነገር አንቺ ላይ ከጸና ፈቃድሽን ተነጥቀሽ ብቻ አትቀሪም፤ ዕድሜሽን እስር ቤት ትጨርሻለሽ። ስለዚህ አታልቅሺና መልሺልኝ። ጉልበታቸው ለምን ደረቀ?»

«ከቀዶ ሕክምና በኋላ በየዕለቱ ካልታጠፈ ውስጡ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው መገጣጠሚያውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ጠዋት ልጃቸው፣ ከሰዓት እኔ እንድናሠራቸው ነበር የታዘዘው። ጉልበቱ ግን አልላቀቅ አለ። እስከ ቀጠሯቸው ካልተሻለ ሐኪሙ አደንዝዞ ሊያጥፈው ነው።»

«ሲታጠፍ ምን ያህል ያማል?»

«ያስጮሃል። በተለይ ጠዋት። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ስጨርስ እለቃለሁ። መቼ እንደሚያበቃ ካወቁ ይችሉታል።»

«እንዲሁ ነው የምትጀምሪው?»

«አይ፤ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ እጠቀልልበታለሁ። ሳይሞቅ አልነካውም።»

መርማሪዋ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። የልጅቷ ፎጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ደረቅ ነው። ከሥሩ ባለው ሳፋ ውስጥ ግን የዳይሬክተሩ የፒጃማ ሱሪ ተነክሯል። ውኃውን በጣቷ ስታማስለው ደቃቅ አሸዋ ከታች ነካት።

ወጥ ቤት የሟቹ ታናሽ እህት ድስት ይፈትጋሉ። መፈተግ የማያሻው ድስት ነበር፤ ከነጻ ቆይቷል።

«እትዬ፣ ሱሪውን የነከሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ፤ የመጣሁት ከፖሊሶቹ ጋር ነው። በዚህ ሐዘን ማን ልብስ ያጥባል?»

«ወንድምዎ ልምምዱን ሲሠሩ አጠገባቸው ይሆናሉ?»

«ኧረ እኔ ሆዴ አይችልም። ከሰዓት ጆሮዬ ላይ ጥጥ ወትፌ እዚሁ እቀመጣለሁ። ጠዋት ግን ሰላም ነው። ልጁ በሩን ዘግቶ ያሠራቸዋል፤ ጋሼ ትንፍሽ አይሉም።»

«እርስዎስ እግራቸውን ነክተውት ያውቃሉ?»

«ካልሲ የማጠልቅላቸው እኔ አይደለሁ?»

ከግቢው አጥር ባሻገር ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር ዘርግታ ትሠራለች። እሷም ፍርድ ከሰጡት አንዷ ናት።

«ጩኸቱንማ ለምደነዋል» አለች። «እሳቸው ሲጮሁ ሰዓታችንን እናስተካክል ነበር። ዛሬ ጩኸቱ ቀደም ሲል፣ ቆልማሚዋ በጊዜ መጣች አልኩና መስፋቴን ቀጠልኩ።»

«ቆጠራዋን ሰማሽ?»

የልብስ ሰፊዋ እግር ከመርገጫው ላይ ቆመ።

«አልሰማሁም። ሁልጊዜ ትቆጥራለች፣ ይጮሃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ትቆጥራለች። ዛሬ አንድ ረጅም ጩኸት ነው። ከዚያ ቀጥ። ቆይቶ በር ሲንኳኳ ሰማሁ መሰለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዛሬን አያድርገውና፣ ድሮ ከዚህ ግቢ የሚሰማው የልጁ ጩኸት ነበር። እኛን ትምህርት ቤት ያንበረክኩናል፤ እሱን ግን ቤት ድረስ ወስደው ጠጠሩ ላይ። ልጃቸው ነው ብለው አያዳሉም፤ እንዲያውም ይብሱበት ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመለሰችና ማንም ያላየውን ግራ ጉልበት አየች። ቆዳው በትናንሽ ጉድጓዶች ተነቅሷል፤ በብረት የተቀየረው ቀኙም ከእብጠቱ በላይ ተመሳሳይ ነቁጥ አለበት። ከመስኮቱ ውጭ ግቢው ነጭ ጠጠር ለብሷል።

ልጁን፣ አክስቱንና ልጅቷን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ሳትጠራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ የሚያባርራት አልነበረም።

«ሁላችሁም ያን እግር ይዛችሁታል» አለች መርማሪዋ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ክንዳችሁ እግራቸው ነው፣ ክርናችሁ ጉልበታቸው። እሺ የሚላቸውን ያህል እጠፉት።»

ጨፈኑ፤ አጠፉ።

«አሁን ክፈቱ።»

የአክስቲቱና የልጅቷ ክንድ ቀጥ ሊል ትንሽ የቀረው ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት። የልጁ መዳፍ ግን ትከሻውን ሊነካ ደርሷል። ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ክንድና ጉልበት ምን አገናኘው?» አለ።

«ካልሲ የምታጠልቅ ሴት ያወቀችውን በየጠዋቱ አሠራለሁ የሚል ልጅ እንዴት አጣው? ባለሙያዋ ጠዋት የባሰ ያስጮሃል ትላለች፤ አክስትህ ጠዋት ትንፍሽ አይሉም ትላለች። ሁለቱም እውነት ከተናገሩ፣ ከዚያ በር በስተጀርባ ማንም አልተነካም። አንተ ያን ጉልበት አንድም ቀን አልያዝከውም።»

«ይህ ግድያ አይደለም።»

«አይደለም፤ ስንፍና ነው። ግድያው ዛሬ ነው። ፎጣው ደረቅ ነው፣ ቆጠራም አልተሰማም፤ ስለዚህ ያጠፈችው እሷ አይደለችም። ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ የጠጠር ምልክት አለ፤ እሷ ደግሞ ፍራሽ ላይ አስተኝታ ነው የምታሠራቸው። ሰውየው ግቢ ውስጥ ተንበርክከዋል። በራሳቸው ፈቃድ እንዳልሆነ ጉልበታቸው ይመሰክራል፤ አይታጠፍማ። የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ሲጫን እምቢ ሲለው ይተወዋል። ያልታጠፈው እያስመሰሉ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ግን ይጨምራል። እስኪበጠስ ጨመርክ።»

አክስቲቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ከዚያ ተሸክመህ አስገባሃቸው፣ ሱሪውን ቀይረህ ቁምጣ አለበስክ፤ የእሷ ሥራ እንዲመስል። እንዲህ የሚያብጠው ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ጉልበት ነው። አልጋው ላይ ሲተኙ ይተነፍሱ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እንዳይጮሁ አፋቸውን አፈንክ። ከንፈራቸውን የቆረጠው የራሳቸው ጥርስ፣ የተጫነው ግን ያንተ እጅ ነው።»

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

«እኔ ሳንኳኳ በሕይወት ነበሩ?»

ልጁ ንጹሕ እጁን እያየ ነበር። ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን አንቱ ማለት ተወ።

«ጠጠሩ ላይ ቆሞ ወንበር አቅርብልኝ፣ እግሬን አንሳልኝ አለኝ። እዚያው ያንበረክከኝ የነበረበት ቦታ ላይ። ተንበርከክ አልኩት። አይታጠፍልኝም አለ። እኔም አልቻልኩም፣ አመመኝ እለው ነበር፤ ታስመስላለህ እያለ ትከሻዬን ይጫነኝ ነበር። እኔም ትከሻውን ተጫንኩት። ማስመሰሉን አልተጠራጠርኩም ነበር። ሐኪም አምጥቶ ቢምል አላምነውም ነበር።»

«ጠጠሩን የምነፋው እኔ ነበርኩ» አሉ አክስቲቱ ለማንም ሳይሆን። «ሹል ሹሉን ለዪልኝ ይሉኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ልጁን አስነሡት። መርማሪዋ ልጅቷን «ነጻ ነሽ» አለቻት። ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋ እንኳ ሹልክ ብላ ሄዳለች። ልጅቷ ፎጣዋን ከመታጠቢያ ቤት አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ጠዋት ብታጥፍላቸው ኖሮ ያ ጠባሳ አይጠነክርም ነበር» አለችው። «እኔም ያን ያህል አላስጮሃቸውም ነበር። ልጅዎ ያሠራዎታል ወይ እያልኩ እጠይቃቸው ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«በየቀኑ ያሠራኛል፤ እጁ ለስላሳ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው አሉኝ።»

ልጁ ፖሊሶቹ ሲጎትቱት አልንቀሳቀስ አለ።

«ጎበዝ አለ? እኔን? ድገሚልኝ።»

ልጅቷ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች፤ ጠጠሩን እየረገጠች ወጣች።