የአቤት ቀንድ

በኤርጋዝ መዲና በቀልማን ያን ዕለት ማለዳ አውራ ዶሮዎች አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ሽማግሌዎች ደረታቸውን ደቁ። «ድምፅ የሚውጠው አውሬ፣ ቃል-በል፣ በከተማችን አልፏል!» አሉ። የሸንጎው አዳራሽ ሲከፈትም የአቤት ቀንድ ከምሰሶው ላይ አልነበረም።

ያ ቀንድ ሲነፋ፣ አደባባይ ቆሞ አቤት በሚል ሰው ላይ ጦር ማንሣት ለንጉሡም ቢሆን እርም ነው። ፈረስ እንኳ ድምፁን ከሰማ አይራመድም። ያለ ቀንዱ ግን አደባባይ የወጣ ሁሉ ዐመፀኛ ነው። ጨው ተሸካሚዎቹ ደግሞ የታሰሩ ጓዶቻቸውን ለማስፈታት በማግስቱ ሊወጡ ተማምለው ነበር።

ከሕግ አውጪዎቹ ሁሉ ታናሹ ወርዘን በሸንጎው መካከል ተነሣ። የእናቱን ወንበር ከወረሰ ገና ዓመት አልሞላውም።

«የተከበራችሁ አባቶች! ከእኛ መካከል ስለ እስረኞቹ የተናገረ ሁሉ ሲነጋ ከደጁ ጥቁር ላባ ያገኛል። ላባው ምን እንደሚል እናውቃለን። እኛ በፍርሃት አፋችንን ከዘጋን፣ ሕዝቡ በማን ተማምኖ አቤት ይላል?»

የንጉሡ አማካሪ ሻንቆር ፈገግ አለ። «ልጅ ወርዘን፣ ማን አስፈራራህ? ላባ እኮ ከወፍም ይወድቃል።»

አዳራሹ ሳቀ፤ የፈራ ሰው ሳቅ።

ወርዘን ቤቱ ሲደርስ ላባው ቀድሞት ደርሷል። እስኪነጋ እንኳ አልጠበቀም። አነሣውና ሰባበረው። «በእናቴ ወንበር እምላለሁ! ቀንዱን ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም!»

መንገዱን የምታውቀው ወንድሟ የታሰረባት ጨው ተሸካሚ ተርሚና ነበረች፤ የአውሬውን ዱካ ወደ ነጩ ገደል ሲወጣ አይታዋለች። ከከተማው በር ሲወጡ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እያነከሰ ተከተላቸው። የሸንጎው አንጋፋ፣ አባ ሞገሲል ነው።

«እርስዎ ደግሞ ወዴት ነው አባ? በየትኛው ጉልበትዎ?» አለች ተርሚና።

«በምላሴ ነዋ! እኔ ንግግር ስጀምር ሸንጎው ምሳ በልቶ ይመለሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሲመለስም ገና መግቢያው ላይ ያገኝዎታል ይባላል።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ።

ገደሉ አናት ላይ የጨው ነፋስ ዐይናቸውን እያቃጠለ ዋሻውን አገኙት። ቃል-በል ዐይን የለውም። በሬ ያክላል፤ ላባው ጥላሸት ነው፤ በተነፋ ጉሮሮው ውስጥ የዋጣቸው ድምፆች ያጉረመርማሉ። ቀንዱ ከሆዱ ሥር ተጋድሟል።

ወርዘን ጦሩን ነቅንቆ ፎከረ። ስህተቱ ይህ ነበር፤ የኤርጋዝ ሰው ሳይፎክር አይወጋም። ፉከራው ከአፉ ተነጠቀ፤ አውሬው ዋጠው፤ ቆዳው ተወጥሮ ጦሩን መለሰው። በክንፉ ሲመታው ወርዘን ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተላተመ።

«አየኸው ልጄ?» አለ አባ ሞገሲል በሹክሹክታ። «ሲውጥ አይንቀሳቀስም። ብዙ ከዋጠ ደግሞ ይተኛል።»

«አባ፣ እሱ የዋጠው አይመለስም!» አለ ወርዘንም በሹክሹክታ።

«ስድሳ ዓመት ተናግሬያለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው አላዳመጠኝም።»

ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። በኤርጋዝ ከዘራውን የተከለ ተናጋሪ አይቋረጥም። ወርዘን ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መለሰው።

«የተከበርክ አውሬ ሆይ!» ሽማግሌው ከቅድመ አያቶች ጀመረ። የወንዝ ሕግ፣ የድንበር ሕግ፣ የእንግዳ ሕግ። ቃሉ ሁሉ ከአፉ እየተነጠቀ ሄደ፤ ድምፁ እየቀጠነ መጣ። ቃል-በል ዋጠ፣ ተነፋ፣ ጭንቅላቱ ከበደው፣ ተዘረጋ። ወርዘን በደረቱ እየተሳበ ቀንዱን ጎትቶ ለተርሚና አቀበላት።

«እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ—» አለ አባ ሞገሲል። ከዚያ በኋላ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ወርዘን ያለ ፉከራ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጦሩን በተኛው አውሬ ክፍት አፍ ወደ ጉሮሮው ሰደደው። የታጎሩት ድምፆች እንደ ወፍ መንጋ ወጥተው በነፋስ ተበተኑ። ወደ ባለቤቱ የተመለሰ አንድም አልነበረም። ወርዘን ሽማግሌውን አዝሎ እያለቀሰ ወረደ።

በማግስቱ ጨው ተሸካሚዎቹ አደባባዩን ሞሉት። የሻንቆር ፈረሰኞች ጦራቸውን አዘነበሉ። ወርዘን ቀንዱን ነፋ። ፈረሶቹ ባሉበት ተተከሉ።

«ርገጧቸው! እለፉ!» ሻንቆር ጮኸ። አንድም ኮቴ አልተነቃነቀም። ይህን ያዩ ሕግ አውጪዎች ከአዳራሹ ደረጃ እያመነቱ ወረዱና በሕዝቡ ፊት ቆሙ። ንጉሡ በሰገነቱ ብቅ አለ።

«ተናገሩ» አለ፤ ሕጉ ሌላ ምርጫ አልሰጠውም።

ተርሚና ወደ ፊት ወጣች። «ወንድሜ ደመወዙን ስለጠየቀ ታሰረ። ፍቱልኝ። ጓደኞቹንም ፍቱ። እስኪፈቱ ከዚህ አንሄድም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። አደባባዩ በእልልታና በሆታ ተናወጠ። አባ ሞገሲልም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር አፉን ከፍቶ ይጮህ ነበር፤ አጠገቡ የቆሙት ድምፅ እንደሌለው አላወቁም።