በገደሉ ሥር ሁለት ሙሉ ጠርሙስ

ሰውየው የሞቱት በውሃ ጥም ነው። በጀርባ ቦርሳቸው ውስጥ ግን ሁለት ሁለት ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ድረስ ሞልተው ተገኙ። ኢንስፔክተር እልፍነሽ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ የዕቃዎቹን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበበችና ሐኪሙን ቀና ብላ አየችው።

«ቁስል የለ፣ መርዝ የለ» አላት ጓንቱን እያወለቀ። «ሰውነታቸው ደርቋል። ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሙቀት ገድሏቸዋል።»

«አራት ሊትር ውሃ ይዘው?»

«እሱን የአንቺ ሥራ አድርጊው። ውሃ ይዘዋል፤ አልጠጡም። ሌላ የማውቀው የለም።»

ሟቹ መምህር መልከጼዴቅ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የሰበታ የእግር ተጓዦች ማኅበር መሪ ነበሩ። ማኅበሩ የልጆች ትምህርት በሚዘጋበት በነሐሴ፣ ሠላሳ ሰው ይዞ ቆላ ውስጥ ያለ አንድ የበረሃ ገደል ብሔራዊ ፓርክ ለመጎብኘት አስቧል። ጥንቁቁ መምህር ግን «ሰው ከመውሰዳችን በፊት መንገዱን በዓይኔ ልየው» ብለው ነሐሴ አምስት ቀን ከአስጎብኚው ከኪሩና ከሾፌሩ ከያደታ ጋር ሄዱ። ማታውን በዚያው መኪና አስከሬናቸው ተመለሰ።

ኮማንደር ሀሰኖ መዝገቡን ገና ሳይከፍተው ሊዘጋው ቸኩሏል።

«እልፍነሽ፣ ነገሩን አታወሳስቢብኝ። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ወደ በረሃ የላከ ማነው? ዕቅዱ ላይ የፈረመችው ልጅ ናት። ቸልተኝነት ነው። ከነገ ወዲያ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ሙሉ ጠርሙስ ይዞ የሚሞት ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ጾመኛ አይቼ አውቃለሁ።»

«እሺ፣ መኪና ይስጡኝ። ቡራዩና ሱሉልታ መሄድ አለብኝ።»

«ነዳጅ የለም።»

የፈረመችው ልጅ ዕድላዊት ትባላለች። አዲስ አበባ አንድ መድን ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ሥራዋ አደጋ ሳይደርስ ስለ አደጋ ማሰብ ነው። ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጫማዋን ያለ ማሰሪያ አጥልቃ ተቀምጣ ነበር።

«ዕቅዴን አንብበሽዋል?» አለች ሰላምታ ሳትሰጥ። «ለአንድ ሰው አራት ሊትር ውሃ። ዋዜማውን እዚያው አድሮ፣ ገደሉ ውስጥ መውረድ ከንጋት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብቻ። ያለ ፓርኩ ጠባቂ፣ ያለ ስካውት ማንም እንዳይወርድ። ሰባት ገጽ ነው! የጫማውን ሶል ዓይነት እንኳ ጽፌያለሁ።»

«ኪሩ ግን በሰጠው ቃል ‹በአንድ ቀን ደርሳችሁ ተመለሱ ያለችን ዕድላዊት ናት› ይላል።»

«ይዋሻል!» አለችና ድምፅዋ ወዲያው ወረደ። «ነሐሴን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። መምህር ጥቅምት ይሻላል ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ የልጆቹን ዕረፍት ያሰብኩት። ለቅሶ ቤት ሰው ‹ገዳይቱ› እያለኝ ነው አሉ። እውነት ነው?»

እልፍነሽ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ለቅሶ ቤቱ የሚለውን እሷም ሰምታለች።

ከሰበታ ቡራዩ በካርታ ላይ የጎረቤት ያህል ነው። በታክሲ ግን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተሰልፎ፣ እንደገና መውጣት ነው። ሦስት ታክሲ ቀየረች፤ በሁለተኛው ላይ ዝናብ በመስኮቱ ገባባት፤ ከሦስተኛው ወርዳ ባጃጅ ስትይዝ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ቆመ። በገፈርሳ በኩል የያደታ ግቢ ስትደርስ ጫማዋ እንደ ሊጥ ቦክቷል።

ሾፌሩ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩ ውስጥ አንገቱን ቀብሯል።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ያደታ» ስትል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠችው።

«ነጋ። ሰላም ነው ልበል እንጂ፣ አስከሬን ጭኖ የመጣ ሰው ምን ይላል?» እጁን በጨርቅ ጠርጎ በርጩማ አቀረበላት። «ከሰበታ አሥር ሰዓት ሌሊት ተነሣን። ሦስት ሰዓት ተኩል ደረስን። ዳቦ ስሰጣቸው ‹ጾም ነው› ብለው መለሱልኝ። እሳቸውና ኪሩ ወረዱ። እኔ መኪናው ሥር ጥላ ይዤ ተኛሁ።»

«ከዚያስ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ኪሩ ብቻውን መጣ። ‹ሽማግሌው አረፍ ብለዋል› አለኝ። መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ‹አይንቀሳቀሱም› ብሎ ቀሰቀሰኝ። አብረን ወርደን ተሸክመን አወጣናቸው።»

«ውሃ ሲጠጡ አይተሃል?»

«ከኋላ ነው የተቀመጡት፣ አላየሁም። ውሃማ ሞልቶን ነበር። ቢጫው ጀሪካን ሃያ አምስት ሊትር ነው፤ ከግማሽ በላይ ይዞ ተመልሷል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ነው! ስንመለስ ሞተሩ ጋለ። የራዲያተሩን ውሃ ብፈልግ ትንሹ ጥቁር ጀሪካን ባዶ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ የፈሰሰ ነገር የለም። በረሃ መሀል አስከሬን ጭኜ ቆሜ፣ ለመኪና የሰው መጠጥ ቀዳሁ። ኧረ እሱን ሌባ እንኳ አይነካውም፣ የሞተር ዘይት ዕቃ የነበረ ነው!»

ሰው ሞቶ ሳለ ሾፌሩ ስለ ራዲያተር ማማረሩ አናደዳት። ልማድ ሆኖባት ግን ጻፈችው።

በማግሥቱ ሱሉልታ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀባት። በየመንገዱ ወደ ፓርኩ ስልክ ሞከረች፤ ኔትወርክ የለም። ኪሩ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ የተነሣቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል። የበረሃ ፎቶ ግን አንድም የለም።

«እህቴ፣ ለመንኳቸው» አላት ሳትጠይቀው። «እግራቸው ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ። ‹እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አልቀምስም› አሉ። ጾመኛን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አንተስ ምን ጠጣህ?»

«የራሴን። ከመኪናው ውሃ አንድ ጠብታ አልነካሁም።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ለምን ወጣህ?»

«መውጫውን ለማየት ነዋ። እሳቸው ጥላ ይዘው ነበር።»

«ለማየት ሁለት ሰዓት?»

«ፀሐዩን አላየሽውም። አስፋልት ላይ ሆኖ መጠየቅ ቀላል ነው።»

«ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ወርደሃል?»

«ኧረ ብዙ ጊዜ! መሪ እኮ ነኝ፤ ስካውት ምን ይሠራልኛል?»

ስካውት አላነሣችበትም ነበር። ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ዓለም ገና ከተማ ያለው የለቅሶ ቤቱ ድንኳን ስትደርስ ቀኑ መሽቶባት ነበር። ከመግቢያው ላይ ሁለት ሴቶች «ያቺ ጉደኛ ሳይፈረድባት ልባችን አያርፍም» ሲባባሉ ሰማች። ወይዘሮ ድንቅቱ፣ የመምህሩ ባለቤት፣ ፍራሽ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እልፍነሽ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጊዜው አይደለም። መምህር በጾም ውሃ ይጠጡ ነበር?»

«ይጠጣል እንጂ። የኩላሊት ጠጠር አለበት። የንስሐ አባቱ ‹እህሉን ጹም፤ ውሃውን ብትተው ግን በራስህ ላይ መፍረድ ነው› ብለው ገዝተውታል። ሦስት ዓመቱ። እያፈረ፣ ከሰው ዞር እያለ ይጠጣታል።»

«የዚያን ቀን ጠርሙሶቹን የሞላው ማነው?»

«ማን ይሞላለታል፣ ልጄ? እኔው ነኝ። ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ጨው ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት። በላብ ጨው ይወጣል ብላ ያቺ ልጅ ወረቀቱ ላይ ጽፋልን ነበር።»

«ያቺ ልጅ» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እልፍነሽ ግን ያን ለማስተዋል ጊዜ አላገኘችም፤ ወደ ጣቢያው እየሮጠች ነበር።

ማስረጃ የሚቀመጥበት የኤግዚቢት ክፍል መብራት የለውም። ጠርሙሶቹን ወደ ስልኳ መብራት አስጠግታ ከአንዱ በብርጭቆ ቀዳች። ከታች አንዲት የሎሚ ፍሬ ወርዳ ቆመች። ምላሷን ጫፉ ላይ አስነካች፤ ጨው የለም፣ ሎሚ የለም። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ ጋራዥ ጋራዥ ይላል። ውሃው ላይ ስስ የዘይት ቀለም ተንሳፍፏል።

«ያደታ ነግሮኝ ነበር እኮ!» አለች ለባዶው ክፍል። «ቁጭ አድርጎ ነግሮኝ ነበር!»

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ኮማንደር ሀሰኖ ቢሮ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ድንቅቱ በጥቁር ነጠላ፣ ያደታ ኮፍያውን ይዞ፣ ኪሩ ሰዓቱን እያየ፣ ዕድላዊት በፖሊስ ታጅባ። ኮማንደሩ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ የተዘጋጀውን ወረቀት ቅጂ ፊቱ ዘርግቷል።

«አንድ ሰዓት ነው ያለን» አለ። «አሳጥሪው።»

«አሳጥራለሁ። መምህር በጾም ምክንያት ውሃ እንቢ አሉ ተብለናል። ዳቦ እንቢ ማለታቸው እውነት ነው፤ ኦቦ ያደታ ሰምቷል። ውሃ ግን ይጠጣሉ። የንስሐ አባታቸው አዘዋቸዋል። ታዲያ ከገደሉ ውስጥ ያ ወሬ ከየት መጣ? ዳቦው ሲመለስ ካየ ሰው።»

ኪሩ ሳቅ አለ። «ለእኔ ያሉኝን ነው የተናገርኩት። ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?»

«እሺ፣ ጠርሙሱን እንጠይቀው።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እትዬ ድንቅቱ የሞሉት የሎሚና የጨው ውሃ ነው። ይኸው የሎሚው ፍሬ። ውሃው ግን ጨውም ሎሚም የለውም። መምህር የያዙትን ጠጥተው ጨርሰዋል። ከዚያ ሌላ ሰው ባዶዎቹን ጠርሙሶች ሞላቸው። ለሞተ ሰው ውሃ የሚሞላ ማነው? ሲጠማው አልሰጠሁትም እንዳይባል የፈለገ።»

ኮማንደሩ ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ዕድላዊት እዚያ አልነበረችም» ቀጠለች እልፍነሽ። «የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኦቦ ያደታ፣ ይህን ሽታ ታውቀዋለህ?»

ያደታ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «የእኔ ጥቁር ጀሪካን ነው! የራዲያተሬ ውሃ!»

«አያችሁ፣ ራሱ አመነ!» አለ ኪሩ። «ጀሪካኑ የእሱ፣ ውሃው የእሱ!»

«የእሱ ስለሆነ ነው እሱ ያልሆነው። ሾፌር የራዲያተር ውሃውንና የመጠጥ ውሃውን አያምታታም። አጠገቡ ከግማሽ በላይ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ነበረው። ደግሞስ የትኛው ሾፌር ነው በረሃ መሀል የሞተሩን ውሃ የሚደፋ? ጥቁሩን ያነሣው የቱ የምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። ቢጫው ለገደል ከባድ ነው፤ ጥቁሩ አምስት ሊትር ነው፤ በአንድ እጅ ይወርዳል። ሾፌሩ ተኝቷል፤ አይጠየቅም። ኪሩ፣ ከመኪናው ውሃ ጠብታ አልነካሁም ያልከኝ የመኪናውን ውሃ ሳላነሣብህ ነው።»

«ለምን ብዬ? ከመምህር ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

«ጠብ የለህም። ዛሬ ንጋት ላይ የፓርኩ ስልክ ተነሣ፤ በሁለት ቀን ሙከራ። ‹ፈቃድ ያለኝ መሪ ነኝ ብሎ ስካውት መለሰ› አሉኝ። የፈቃድ መዝገቡን እንዲያዩ ጠየቅኳቸው፤ ስምህ የለም። ገደሉንም አታውቀውም፤ መንገድ ጠፋህ። መምህር ውሃቸውን ጨረሱ፣ ደከሙ። አንተ ወጣህ። ከመኪናው እስከ ስካውቶቹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ብትጠራቸው ግን ያለ ፈቃድ ሰው ማስገባትህ ይታወቃል። ስለዚህ ፀሐዩ ዘቅዘቅ እስኪል፣ እሳቸውም በራሳቸው እስኪወጡ ጠበቅህ። ሁለት ሰዓት።»

ኪሩ ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ። «ይወጣሉ ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጠንካራ ሰው ናቸው። ጀሪካኑን ይዤ ስወርድ ዝም ብለው አገኘኋቸው። ባዶ ጠርሙሶቹን አየሁ፣ ደንግጬ ሞላኋቸው። ልገድላቸው አልፈለግኩም።»

ወይዘሮ ድንቅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ይጣራ ነበር?»

ኪሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ላይ ሆነህ፣ ይሰማህ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«መጀመሪያ ላይ» አለ ኪሩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ያደታ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረመና ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እሱ ተኝቶ ነበር። እልፍነሽ ለደጁ ፖሊስ ምልክት ሰጠች፤ ኪሩን ወሰዱት።

«እንግዲህ ልጅቷ ትሂድ» አለች።

ኮማንደሩ ራሱን አከከ። «ዋናው ወረቀቷ ለፍርድ ቤት ወጪ ሆኗል። መልሶ ለማስቀረት የዐቃቤ ሕጉ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሱ ስብሰባ ላይ ነው። ሰኞ…»

«ሰኞ?» የእልፍነሽ ድምፅ ሰነጠቀ። «ሦስት ከተማ በታክሲ ዞሬ፣ በጭቃ ተለውሼ፣ ሰኞ?»

«ሕግ ነው እኮ። የመታወቂያ ዋስ ካላት የዛሬው ቀጠሮ እንዲተላለፍ ጠይቄ እስከዚያ ልለቃት እችላለሁ። ማን ይዋሳታል? ቤተሰቦቿ ወሎ ናቸው አላለችም?»

ዕድላዊት አንገቷን ደፋች። ከሠላሳው የማኅበሩ ሰው አንድ እንኳ ጣቢያው ደጃፍ አልታየም።

ወይዘሮ ድንቅቱ ከቦርሳቸው የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጡት።

«እኔ እዋሳታለሁ። የት ነው የምፈርመው?»

ኮማንደሩ መታወቂያውን አየ፤ የሟቹን ሚስት አየ፤ ቅጹን አቀረበላቸው። ቀስ ብለው፣ ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ዕድላዊትን ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«በይ ማሰሪያሽን ተቀብለሽ ጫማሽን እሰሪና ተነሺ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየመጣ ነው፤ ከጎኔ ፍራሹ ላይ የሚቀመጥ የለኝም። እዚያ፣ ሁሉም ሰው በሚያይሽ ቦታ ትቀመጫለሽ።»