የቀጭኔ ሾርባ

«ቀጭኔ፣ ሾርባሽ ውስጥ የገባው የኛ ግቢ ሣር ብቻ ነው ወይስ የጎረቤትም አለበት?»

ወንድሟ ነው። በበዓል ቀን እስከ አራት ሰዓት ተኝቶ፣ ፀጉሩን እንኳ ሳያበጥር ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። «ቀጭኔ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ድሮ ስለ ቁመቷ ነበር። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከተወች ወዲህ ግን ስሙ የባሰ ተጣበቀባትና አሁን እናቷም ሳታስበው በሱ ትጠራታለች።

ልጅቷ ዞር ብላ አላየችውም። ሽንኩርቱ ሊያርርባት ነው፤ ደግሞም ዛሬ ሙድ ሲያዝባት ዝም ብላ የምታዳምጥበት ቀን አይደለም።

ከአራት ወር በፊት የባዮሎጂ አስተማሪዋ ክፍሉን በሙሉ አንድ የዶሮ እርባታ ይዟቸው ሄደ። እዚያ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ማታ ቤት ስትገባ እንቁላሏን ወደ ወንድሟ ሳህን ገፋ አደረገችና ዳቦዋን ብቻ በላች። በማግስቱም እንደዚያው። ወንድሟ መጀመሪያ ላይ ደስታውን አልቻለውም፤ ድርሻዋ ሁሉ የሱ ሆነ። እናቷ «ያልፍላታል» አለች። አክስቷ «በሽታ ይሆን?» አለች። አላለፈላትም፤ አልታመመችምም። ግን አንድም ቀን፣ እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን፣ ያለ አስተያየት በልታ አታውቅም።

ነገሩ የከረረው በዓሉ ሲቃረብ ነው። በዚህ ቤት በዓል ማለት ሾርባ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ የሚንተከተክ የበሬ አጥንት፣ ቅቤና ክሬም ያለበት ሾርባ። አያቷ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰዓታቸውን አይተው ነው ገበታ የሚቀርቡት። ልጅቷ ሾርባውን እንደማትበላ ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«በአንድ ገበታ ሁለት ዓይነት ሰው አይቀመጥም» አሉ።

እሷም ግግም አለች። «እንግዲያው ዘንድሮ ሾርባውን እኔ ልሥራው፤ ሁላችሁም የኔን ብሉ።»

አያቷ ትንሽ አሰቡ። ውል ነገር ይወዳሉ። «ይሁን። ድስትሽ ባዶ ሆኖ ከተነሳ፣ ከዚያ ወዲያ በምትበይው ነገር ማንም አፉን አይከፍትም፤ እኔም ጭምር። ከተረፈ ግን ይኼ ጣጣ እዚያው ላይ ያበቃል፤ የቀረበልሽን ትበያለሽ።»

ተጨባበጡ። ሰውዬው የጨበጡትን ውል አጥፈው እንደማያውቁ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

ሦስት ቅዳሜ ተለማመደች። የመጀመሪያው ሾርባ የተነከረ ካርቶን ይመስል ነበር። ሁለተኛው ተቃጠለ። እናቷ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ናት፤ ለሦስት መቶ ሕመምተኛ የምታበስል ሴት። ከማንም ጋር አልወገነችም፤ እጇ ግን ዝም ማለት አልቻለም። «እንጉዳዩ ውኃውን ሳይጨርስ ጨው አታስነኪው» አለቻት። «ሽንኩርቱን አታጣድፊው፤ ቡናማ እስኪሆን ታገሺው።» ልጅቷ በክሬሙ ፈንታ ለውዝ ዘፍዝፋ ፈጨች፤ በአጥንቱ ፈንታ እንጉዳይና ነጭ ቦሎቄ አደረገች። በሦስተኛው ቅዳሜ ወንድሟ አንድ ሳህን ጨርሶ ምንም ሳይናገር ወጣ። ከሱ አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው።

ዛሬም ሾርባው በልኩ ወጣላት። አንድ ሳህን ቀንሳ፣ ከድና የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። ድስቱ ባዶ ከሆነ ለማታ የምትበላው አይኖርማ። ድፍረቷን ተመልከቱ። ከዚያ እናቷን ከሩዙ ጋር ትታ ልብስ ልትቀይር ገባች። ሸሚዟን ስትቆልፍ ማንኪያ በድስት አፍ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ሲል ሰማች። ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ኳ ኳ። ልብ አላለችውም።

በሰባት ሰዓት አያቷ ሰዓታቸውን አይተው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ አክስቷም መጥታለች። ልጅቷ ለሁሉም ቀዳች። አያቷ አንድ ማንኪያ ወሰዱ። ሁለተኛ ወሰዱ።

«በይ ጨምሪልኝ» አሉ።

አክስቷ ዓይኗን ጨፍና ታጣጥማለች። «እንዴት ነው ነገሩ? ልክ እንደ ድሮው እኮ ነው» አለች። ወንድሟ ቀና ሳይል ሁለተኛ ሳህኑን ተያይዞታል። ልጅቷ ፊቷ በራ። እንደ ምንም ራሷን ገታ አድርጋ የመጀመሪያ ማንኪያዋን ቀመሰች።

ቅቤ።

አያቷ እያዩዋት ስለነበር ዋጠችው። ሳህኗን ስታይ ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ ተንሳፍፏል። የሚያናድደው ደግሞ መጣፈጡ ነው። ልክ እንደ ድሮው።

«ዳቦ ላምጣ» ብላ ተነሳች።

ወጥ ቤት ውስጥ የቅቤው ማንኪያ ሳህኑ ላይ ተጋድሟል፤ ጀርባው ላይ የቦሎቄ ልጣጭ ተለጥፎበታል። እናቷ ተከትላት ገባች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ሾርባዬ ላይ ቅቤ ጨመርሽ እንዴ?»

«እኔ? ሩዙ ላይ ነው እንጂ...» እናቷ አልጨረሰችውም። ቀኝ እጇ ባዶውን ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ሄደ። በሆስፒታሉ ስድስት ድስት በረድፍ ይጣዳል፤ እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት እናቷ ለእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ ማንኪያውን ሁለት ጊዜ አራግፋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

«ወይኔ» አለች በቀስታ። «እጄ ነው። በጭራሽ አላወቅኩም።»

ልጅቷ አመነቻት። እናቷ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፤ አሁን ግን የገረጣው ፊቷ ነው።

እናቷ በሩን ገርበብ አደረገችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ስሚኝ። እነሱ አላወቁም። ድስቱ ሊያልቅ ነው። ዛሬን ዝም ብለሽ እለፊው፤ ከነገ ጀምሮ ማንም አይነካሽም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለኔ ተይው።»

መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ልጅቷ ቆማ አሰበችበት። አራት ወር ሙሉ «ይቺን ብቻ ቅመሺ»፣ «ደምሽ ያልቃል»፣ «ቀጭኔ ሣር ወጣልሽ» ሲባል የከረመው ሁሉ፣ ራሷን አንዴ በእሺታ ብትነቀንቅ አለቀ። ደክሟታል። ማልቀስም አምሯታል።

ገርበብ ባለው በር በኩል የአያቷ ድምፅ መጣ። «ልጅቷ አሸነፈችኝ» ይላሉ ለአክስቷ። «አልደብቅሽም፣ አትችልም ብዬ ነበር። እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ ካሁን በኋላ አንድ ነገር ስናገራት ብትሰሚ አንቺ ራስሽ ዝም አሰኚኝ።»

ልጅቷ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሳህኗን አነሳች።

«እሱ እኮ ያንቺ ነው» አለች እናቷ። «ሌላ የለሽም።»

«አዎ።»

«ባይጥማቸውስ?»

ትከሻዋን ሰበቀችና በትንሽ ድስት አሞቀችው። ሲሞቅ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። ጥሩ ነው። የቅቤውን ያህል አይደለም፤ ጥሩ ግን ነው። ወደ ሳህኑ መልሳ ገለበጠችና ከዳቦ ጋር ይዛ ወጣች።

የአያቷን ሳህን አነሳችና የራሷን በቦታው አስቀመጠች።

«አባባ፣ የቅድሙ ሾርባ ቅቤ ገብቶበታል። ሳናውቅ ነው። የኔ ይኼ ነው።»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች እናቷ ከኋላዋ።

ወንድሟ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። አያቷ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ገና ያላለቀውን ድስት፣ ከዚያ እሷ ትታው የተነሳችውን ሳህን።

«አንቺስ ምን ልትበይ ነው?» አሉ።

«ዳቦ አለ።»

አያቷ ማንኪያቸውን በናፕኪን ጠረጉ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ሳህኑን ወደራሳቸው ሳቡት። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ቆረሰች።

«ትኩስ ነው አባባ» አለች። «ቀስ ብለው።»