በሐምሌ የገባው አዲስ ዓመት

እኔ በጂን፣ በጥላ፣ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበርና «የላላ ብሎን እንጂ ሰይጣን ባቡር አያቆምም» እያለ ነው ያሳደገን። ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ሰውየውን ሙቀት መትቶት ነው ብትሉ አልቀየማችሁም፣ እኔም ለራሴ ስንቴ እንደዚያ ብያለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1999፣ ሐምሌ ላይ፣ እዚሁ ጅቡቲ ነው። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ኮምፒዩተር ነበር፣ ታስታውሱ ይሆናል፣ ዓመቱን የሚይዙት በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ ሁለት ሺህ ሲገባ መቶ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሱ ይመስላቸዋል፣ መብራትም ይጠፋል ይባል ነበር። እኔ የተቀጠርኩት አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መርምሬ «ዝግጁ ነው» ወይም «አይደለም» ብዬ እንድፈርም ነው። አባቴን ከቀበርኩ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፣ እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ የሚያስደስተኝም የሚያስፈራኝም ነገር አልነበረም፣ ተኝተውበት እንደደነዘዘ እጅ ሆኜ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ሊቅም ሲቀመጥና ከተማው ጭር ሲል፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና ሙሴ ዋርሳማ ብቻ ነን። የተረኞቹ አለቃ ናቸው፣ ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ፣ አማርኛቸው ከእኔ የማይተናነስ ሽማግሌ። ከተማው እንዳይጨልምብን የማመንጫውን ሞተሮች የሚቆጣጠረውን ኮምፒዩተር ከእነሱ አላቀቅነው፣ ሰዓቱን አዲሱ ዓመት ሊገባ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ላይ አደረግንና ተቀመጥን። ደቂቃዋ አለፈች፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት ሺህ ገባ፣ ምንም አልሆነም።

«አለቀ በቃ» አሉ ሙሴ ዋርሳማ።

ልፈርም እስክሪብቶ ሳወጣ የሞተሮቹ ድምፅ ጠፋ። አልቆሙም፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱም በርቷል፣ ድምፃቸው ብቻ የለም። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ይዞራል፣ እሱም አይሰማም። ከዚያ ስልኩ ጠራ።

ያ ስልክ ወደብ አካባቢ ካለው ማከፋፈያ ጣቢያ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ነው፣ ከውጭ ሰው ሊደውልበት አይችልም። ሙሴ ዋርሳማ አንስተው ትንሽ አዳመጡና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሴት ናት፣ የፈረመውን ሰው አቅርቡልኝ ትላለች።»

«ገና አልፈረምኩም» አልኩ።

«ነግሬያታለሁ» አሉ።

ተቀበልኩ። «ወንድሜ፣ መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ በአማርኛ፣ ብዙ ቀን ያልተኛ ሰው ድምፅ ነው።

«የት ሰፈር ነው እህቴ?»

«ካርቲየ 6፣ ከበረዶ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። ዓመቱ ከገባ ጀምሮ ጨለማ ላይ ነን፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«እዚህ መብራት አለ» አልኳት።

«እናንተ ጋማ አለ» አለች፣ አልተቆጣችም። «ልጠብቅ ወይስ ልተወው?»

«ጠብቂ፣ ይመጣል» አልኳት።

ይሄኔ ሙሴ ዋርሳማ ሰዓቱን ወደ ሐምሌ መለሱት፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ የሞተሮቹ ጩኸትም ባንዴ መጣ። ወደቡ ጋ ሲደውሉ ከዚያ ማንም እንዳልደወለ ነገሯቸው። አልፈራሁም፣ ውሃ ጠጣሁ።

በማግስቱ ካርቲየ 6 ሄድኩ። ከበረዶ ቤቱ ጀርባ ያገኘሁት ቤት ሳይሆን ጉልበት የማይደርስ የብሎኬት ግንብ ነው፣ አጠገቡ አንድ የብረት በር ተደግፎ ቆሟል፣ አረንጓዴ ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ጣቴን ነካው። ግንበኛውን የማን ነው ስለው «ከድሬዳዋ የሚመጡ ሰዎች ናቸው አሉ፣ እኔም አላየኋቸውም» አለኝ።

ተመልሼ ሙሴ ዋርሳማን «ምን ብዬ ልፈርም?» አልኳቸው።

«ማሽኑ ያሳየህን» አሉ።

«ዝግጁ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሁለት ሺህ ገባ፣ መብራቱ ብልጭ እንኳ አላለም፣ ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ፣ እኔም ጨበጥኩ። ሙሴ ዋርሳማ ስለዚያ ቀን ሲነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ። እዚያ ቤት እናትና ልጅ ገብተዋል ይባላል፣ ሂድና ሰላም በላቸው የሚለኝ ብዙ ነው፣ እኔ ግን በዚያ መንገድ አላልፍም፣ ድምፅዋ ያው ቢሆን ምን ልላት ነው? ለሙሴ ዋርሳማ እንኳ ያልነገርኳቸው ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ መስመሩ ሲቋረጥ «እሺ፣ እጠብቃለሁ» እያለችኝ ነበር።