በገደሉ አፋፍ ያልተነገረው ቃል

ሬሳውን ያገኘው ባንተአምላክ ነው። በሬዎቹን ሊያጠጣ ወደ ፈጠም ወንዝ ሲወርድ፣ ከገደሉ ስር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው በጀርባው ተንጋሎ አየ። እነዚያ ዳጉሳውን ሲረጋግጡበት የሰነበቱት ፊልም ሠሪዎች ሌላ ጨዋታ የጀመሩ መስሎት ተሳደበ። ቀረብ ብሎ የሰውየውን ዓይን ሲያይ ግን ስድቡን አቋርጦ ኡኡታውን አቀለጠው።

ሟቹ የፊልሙ ዳይሬክተር ገነነ ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር በለጠች ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ፣ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከዚያ ገደል ስትደርስ ቀኑ ገና አልመሸም። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሳጅን ደጀኔ ከመኪናዋ ሳትወርድ ተቀበላት።

«ኢንስፔክተር፣ ገዳዩን ይዘነዋል። የፊልሙ ደራሲ ነው፤ ቴዎፍሎስ ይባላል።»

«አመነ?»

«አላመነም። ግን ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ‘ቃሌን ከቆረጥክ አንገትህን እቆርጠዋለሁ’ ብሎታል።»

«የሰውየው አንገት ተቆርጧል?»

ደጀኔ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ አሳያት።

በለጠች መጀመሪያ ወደ ወንዙ ወረደች። ገነነ የለበሰው ስስ ሸሚዝ ብቻ ነበር። እሷ ካፖርት ደርባ እንኳ ከወንዙ የሚነሳው ጭጋግ አጥንቷ ድረስ ይሰማታል። ተመልሳ አፋፉ ላይ ወጣችና ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። እርጥቡ አፈር ላይ የጫማ ተረከዝ የፋቀው ምልክት አለ፤ ጣቶቹ የነበሩት ወደ ሜዳው፣ ተረከዙ ወደ ገደሉ ነው።

«የኋሊት ነው የወደቀው» አለች። «ፊት ለፊቱ ሰው ቆሞ ነበር። ሩቅ ያልቆመ፣ ያልፈራው ሰው።»

ከባሕር ዛፎቹ ስር የሚጠብቋት አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ለአንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ተራርቀው ቆመዋል። በለጠች ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ እንዲህ ተጠማምዶ የቆመ ሐዘንተኛ ግን አላየችም።

ቴዎፍሎስን አስቀደመች። ቀጭንና ዓይኑ የደፈረሰ ሰው ነው።

«ጠልቼው ነበር» አለ ሳትጠይቀው። «ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«ለምን ጠላኸው?»

«የጻፍኩትን እየቦጨቀ ጣለው። ለእሱ ፊልም ማለት ሰው ሲሮጥ፣ በር ሲዘጋ፣ እንባ ሲወርድ ብቻ ነው። ሰው ግን ይናገራል! በመናገሩ አይደል ሰው የሆነው? ምልልስ የሌለው ፊልም የከብት ገበያ ነው።»

«የዛሬ ጠቡስ?»

«በመጨረሻው ትዕይንት ነው። በታሪኩ ውስጥ ልጅቱን ወንዝ ሲወስዳት አባትየው ጥሪዋን እየሰማ ፈርቶ ቆሞ ቀርቷል። እናትየው እዚህ ገደል ላይ ታፋጥጠዋለች። የፊልሙ ልብ ያ ንግግር ነው። ገነነ ሊያወጣው ተነሳ፤ ሁላችንም ጮህንበት። በመጨረሻ ‘እሺ፣ ንግግሩ ይኑር፤ ጆሮዬን ልቀቁኝ’ አለ። ከምሳ በኋላ እሱና ያምሮት ለልምምድ ወደ አፋፉ ሄዱ። እኔ ከዛፍ ስር ጋደም ብዬ ነበር። ያየኝ ሰው የለም። ደስ ካለዎት ይውሰዱኝ።»

«ቸኩለሃል» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ሀይሉ ስድሳ ዓመት ያለፈው አንጋፋ ተዋናይ ነው። በመድረክና በሬዲዮ ድራማ ያደገው ድምፁ፣ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ሰው ዞሮ እንዲያይ ያደርጋል። አባትየውን የሚጫወተው እሱ ነው። ለፊልሙ ተብሎ ጫፉ በእሳት የተጠበሰ ጋቢ ተከናንቦ ከዛፎቹ አጠገብ የቆመው የፊልም ሠሪዎቹ መኪና ደፍ ላይ ሄዶ ተቀምጧል።

«ጋሽ ሀይሉ፣ በዚህ ፊልም እርስዎ ምን ይናገራሉ?»

«ምንም።» ጋቢውን ጠበቅ አደረገ። «ገነነ ለሥራው ሲጠራኝ ሙሉ ንግግር ነበረኝ። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያለ ቀነሰው። በመጨረሻ ሰውየውን በድንጋጤ አንደበቱ የተዘጋ አደረገው። እኔን! አገር በድምፄ የሚያውቀኝን! ‘ፊትህ አይሠራም፣ ያለህ ጉሮሮ ብቻ ነው’ ብሎኛል፤ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ።»

«ልምምዱ ላይ ለምን አልነበሩም?»

«ዲዳ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል ብዬ እንቢ አልኩ። ራሱ በእኔ ቦታ ቆመላት። እኔ መኪናው ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ድምፃቸውን ያመጣልኝ ነበር። ያምሮት ‘ስትጣራ ሰማህ፤ ሰምተህ ዝም አልክ!’ ስትል ሰውነቴን ወረረኝ። አሳምራ ነው ያለችው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ የባላገሩ ኡኡታ ነው።»

«ጋቢው ከእርስዎ ጋር ነበር ማለት ነው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ከትከሻዬ አልወረደም። ብርዱን አያዩትም እንዴ?»

በለጠች አመስግናው አለፈች።

ዋናዋ ተዋናይ ያምሮት እጆቿን አጣምራ ወንዙን ታያለች። ጉንጯ ደረቅ ነው።

«አልቅሺ ካሉኝ አለቅሳለሁ» አለች። «ሥራዬ ነው።»

«ትወጂው ነበር?»

«እሱን ማን ይወደዋል? ቴዎፍሎስ ይሻላል ብለው እንዳያስቡ ደግሞ። አንዱ አፍሽን ዝጊ ይለኛል፤ ሌላው እንደ በቀቀን ልፍለፊ ይለኛል። ምን እንደሚሰማኝ ግን ሁለቱም አንድ ቀን አልጠየቁኝም።»

«ልምምዱ እንዴት ነበር?»

ያምሮት ወደ ቴዎፍሎስ ገልመጥ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ እንዳይሰማ። ገነነ ጠዋት እሺ ያለው ሊገላገላቸው ነው። አፋፉ ላይ እንደደረስን ‘አንድም ቃል አትተንፍሺ፤ በእጅሽና በዓይንሽ ብቻ አድርጊው’ አለኝ። ተሳደብኩ፤ ግን አደረግኩት። ከዚያ ብርዱ ሲጠናብኝ ትቼው ሄድኩ። መንገድ ላይ በኋላ ሬሳውን ያገኙትን ባላገር አገኘሁና ቤታቸው አስገቡኝ። ኡኡታው እስኪሰማ ከባለቤታቸው ጋር እሳት ስሞቅ ነበር።»

«ዝም ማለትሽን ማን ይመሰክርልሻል?»

«የሞተው ሰውዬ» አለች ያምሮት፣ በመረረ ሳቅ።

ሌላም ምስክር ነበር። የቡሬው ልጅ ክንዱ፣ የካሜራ ባለሙያው፣ ልምምዱን ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሆኖ ቀርጾታል። ከማዶ ወደዚህ ለመምጣት በድልድዩ ዞሮ ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ነው፤ ደጀኔም ካሜራውን ተሸክሞ ድልድዩ ላይ አግኝቶታል።

«ድምፅ ቀጂያችን ታሞ ስለቀረ ምስል ብቻ ነው ያለኝ» አለ ክንዱ። «ያምሮት ከሄደች በኋላ ጭጋጉ ሸፈነው፤ አጠፋሁት። ገዳዩን ፈልገው ከሆነ አያገኙም።»

«ገዳይ አልፈልግም። የምፈልገው ልብስ ነው» አለችው በለጠች።

ክንዱ ግራ ገብቶት ኮምፒውተሩን ከፈተላት። የመጨረሻዋን ቁራጭ ደጋግማ አየች። ከዚያ ባንተአምላክን ወደ ጎን ጠርታ ጥቂት አነጋገረችውና ሁሉም ወደ መኪናው እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«ቴዎፍሎስን አስሬ ላምጣው?» አለ ደጀኔ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ።

«ካቴናውን ኪስህ ክተተው።»

ተሰበሰቡ። አሁንም ማንም ከማንም አጠገብ አልቆመም።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ ሀይሉ። «ገዳዩ እኮ ጠዋት በአፉ ተናግሯል!»

«አንተ ሽማግሌ!» ቴዎፍሎስ ሊዘልበት ሲል ደጀኔ ያዘው።

«ዝም በሉ» አለች በለጠች። ድምፅዋን አላነሳችም። «እናንተ ዘንድ ያለው ጠብ፣ ፊልም በንግግር ይሁን በድርጊት ነው። እኔም ሁለቱንም መርምሬያለሁ። በንግግሩ ልጀምር። ቴዎፍሎስ፣ ጠዋት ገነነ ንግግሩ ይኑር ሲል የሰማው ማን ነው?»

«ሁላችንም ሰምተናል።»

«ስለዚህ ሁላችሁም ልምምዱ በንግግር ነው ብላችሁ አመናችሁ። ጋሽ ሀይሉም አምነዋል። አምነው ብቻ አላበቁም፤ ያምሮት ያንን ቃል ስትናገር መኪናው ውስጥ ሆነው እንደሰሙ ነገሩኝ።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ሀይሉ።

«ክንዱ፣ አሳያቸው።»

ክንዱ ኮምፒውተሩን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠው። ያምሮት ጠጋ ብላ ከገነነ ፊት ትቆማለች። ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ጋቢውን ከትከሻው ትገፍፍና መሬት ላይ ሬሳ እንደሚሸፍን ሰው ቀስ ብላ ትዘረጋዋለች። ከንፈሯ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተገጥሟል።

ቴዎፍሎስ ፊቱ አመድ መሰለ። «አታለለኝ» አለ።

«ያልተነገረ ቃል አይሰማም» አለች በለጠች። «ጋሽ ሀይሉ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በቃል የኖሩ ሰው ነዎት። ሁለት ሰዎች ተፋጥጠው ሳይነጋገሩ ይለያያሉ ብሎ ማሰብ አልሆነልዎትም። ስለዚህ ውሸትዎን ከስክሪፕቱ ቀዱት።»

«ዕድሜ ነው… ከሌላ ቀን ልምምድ ጋር ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ይሆናል። ለዚህ ነው በንግግሩ ብቻ ያልፈረድኩት። ድርጊቱን እንይ። ገነነ ትከሻ ላይ የነበረው ጋቢ የማን ነው? ያምሮት?»

«የፊልሙ ነው። ያለን እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ሀይሉ ምሳ ሲበሉ ገነነ ከመኪናው አንስቶት መጣ።»

«ክንዱ፣ መጨረሻውን ድገመው።»

በምስሉ ላይ ያምሮት እየራቀች ነው። ገነነ ብቻውን ጎንበስ ብሎ ጋቢውን ከመሬት ያነሳል፤ ስስ ሸሚዙ ላይ ደርቦ ይጠቀለልበታል። የተጠበሰው ጫፍ ይታያል። ከዚያ ጭጋጉ ይዘጋዋል።

«ሬሳው ላይ ግን ጋቢ የለም» አለች በለጠች። «ወንዙም አልወሰደውም፤ እዚሁ አለ። ባንተአምላክ፣ ኡኡ ስትል መጀመሪያ ያየኸው ማንን ነው?»

«እኒህን ትልቅ ሰው ነው፣ እሜቴ። ከመኪናይቱ ወጥተው ወደ ታች አዩኝ። ያንኑ ጋቢ ለብሰው ነበር።»

የሁሉም ዓይን ሀይሉ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ከጠዋት ጀምሮ አልወረደም ብለውኛል» አለች በለጠች። «ገነነ በሕይወት ሳለ የለበሰውን ጋቢ፣ ሬሳው ሳይነሳ እርስዎ ለብሰውታል። በመካከል አፋፉ ላይ ከእሱ ጋር ቆመዋል። ንግግርዎና ድርጊትዎ አልተስማሙም።»

ሀይሉ ተነስቶ ቆመ። እንደ መድረክ ሰው ደረቱን ነፋ፤ ሲናገር ግን የወጣው ድምፅ የማንም ተራ ሽማግሌ ድምፅ ነበር።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የለመንኩት። ለእሷ ንግግሯ ከተመለሰላት፣ ለእኔም ‘ልጄን ፈርቼ ገደልኳት’ የምትል አንዲት ነገር ይሰጠኝ አልኩት። ሳቀ። ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለና ‘አንተ የልብስ መስቀያ ነህ፤ ይኸው፣ ተሸክመህ ቁም’ አለኝ። ስንት መልስ ነበረኝ! አንዱም አልመጣልኝም። እጄ ቀደመኝ።»

«እኔን ደግሞ ልታሳስረኝ!» ቴዎፍሎስ ጮኸ። «ለቃል ስሟገት የኖርኩት ለአንተ ነበር እኮ!»

«አንተ የተሟገትከው ለራስህ ነው» አለው ሀይሉ፤ እጆቹንም ለደጀኔ ዘረጋ።

በለጠች ጋቢውን ከትከሻው ላይ አንስታ ለማስረጃ በከረጢት አስገባችው። ሽማግሌው በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ወደ ፖሊስ መኪናው ገባ። ካፖርቷን አውልቃ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት። አላመሰገናትም።

ክንዱ ኮምፒውተሩን ሊዘጋ ሲል ያምሮት እጁን ያዘችው። «አንዴ ልየው። ቅድም ያየሁት ጋቢውን ነው፤ ራሴን አላየሁም።»

አየችው። ሳታስበው እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና «ያ ክፉ ሰው ልክ ነበር» አለች።

ከኋላዋ የቆመው ቴዎፍሎስ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ቃል ይጎድለዋል።»

«የቱ ቃል?»

ቴዎፍሎስ አፉን ከፈተ። ምስሉን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ምስሉን አየ። ያምሮት ጠበቀችው። ቃሉ ሳይመጣለት ሲቀር ጃኬቱን አንጠልጥሎ ብቻውን በእግሩ ወደ ቡሬ መንገድ ገባ። ተመለስ ያለው ሰው አልነበረም።