ዘግይቶ የሚስቀው ወንድሜ

ይህን ታሪክ ለማንም አልተናገርኩም ብል እዋሻለሁ። ለሁለት ሰው ተናግሬያለሁ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ አለኝ። እናንተ ሦስተኛ ናችሁ። የሆነው በእኔው ላይ ነው፤ አላምንም የሚል ካለ እዚሁ ጋ ያቁም፣ አልቀየመውም።

በፈረንጆቹ 1987፣ ኦገስት ወር። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለች ጠባብ አፓርታማ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጨለማ ጠብቆ የሚመጣ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል...

ያኔ ሚልፒታስ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ገና ሳይነጋ እነሳለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። የምኖረው ከጓደኛዬ ከሮማነወርቅ ጋር ነው። እሷ ማታ ማታ ሬስቶራንት ስለምትሠራ እኔ ስገባ ልትወጣ ስትለባብስ ነው የማገኛት።

የዚያን ጊዜ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ባዩ።

ባዩ ካርቱም ነበር። በመተማ በኩል በእግሩ ወጥቶ ሦስት ዓመት እዚያ ቆይቷል። ስፖንሰር ሆኜው ወረቀቱ አልቆ የቀረው ሜዲካል፣ ማለት የጤና ምርመራው ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ብዬ አልጋ ገዝቼለታለሁ። አንሶላ እንኳ ሦስት ጊዜ ለውጫለሁ፤ ሰማያዊው ይሻላል፣ አይ ነጩ ይሻላል እያልኩ...

አሁን ስለ እነ ድምቡሼ ልንገራችሁ።

ልጆች ሆነን አዲስ አበባ ጎረቤታችን ኮሎኔሉ ቴሌቪዥን ነበራቸው። ማክሰኞ ማታ የሰፈር ልጅ ሁሉ ምንጣፋቸው ላይ ይደረደራል። የአንድ ወፍራም ሰውዬና የቤተሰቡ የካርቱን ፊልም ይመጣ ነበር። እኛ እነ ድምቡሼ ነበር የምንለው። ድምቡሼ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ “ዛሬስ ጎንበስ እላለሁ!” ብሎ ይፎክራል፤ ከዚያ ያው ግንባሩን ከጉበኑ ጋር ያጋጨዋል። ሁልጊዜ። ፊልሙ ውስጥ የማይታዩ ሰዎች አብረው ይስቃሉ።

እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ባዩ አይችልም። ስድስት ዓመቱ ነው። ሁሉም ሲስቅ ክንዴን ይቆነጥጠኛል።

“ምን አለ?”

በጆሮው አንሾካሹኬ እነግረዋለሁ። ሰው ሁሉ ስቆ ካበቃ በኋላ እሱ ብቻውን ይስቃል። ሳቁ መጨረሻው ላይ ስቅ የምትል ነገር አለችው። የኮሎኔሉ ሚስት “የዚህ ልጅ ሳቅ በፖስታ ነው የሚመጣው” ይሉ ነበር።

ከካርቱም በላከልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ?

“እታለም፣ እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። ከእንግዲህ አልቆነጥጥሽም። ስመጣ እነ ድምቡሼን ፈልገሽ አብረን እናያለን። ካንቺ እኩል፣ በሰዓቱ ነው የምስቀው።”

ያን ደብዳቤ በቦርሳዬ ይዤው እዞር ነበር።

ኦገስት አራት፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሽበታም፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነው። ሱቁን ለሚረዳው ልጅ ትቶ ወደ ጓዳ ገብቶ ነበር። ታችኛው መደርደሪያ ላይ እጄን ስሰድ... ድምቡሼ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ግንባሩን ይዞ። ማመን አቃተኝ። ተከራይቼው ቤት እስክደርስ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። ባዩ ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ እስከዚያ ግን አንዴ ብቻ ልየው አልኩ።

ካሴቱን ከተትኩት።

ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ አንድ ቃል አልጠፋኝም። ሚስቱ ምን እንደምትል፣ ሕፃኑ መቼ እንደሚያለቅስ፣ ሰዎቹ የት ጋ እንደሚስቁ... ሁሉንም በቃሌ ነው የማውቀው።

ድምቡሼ በሩ ጋ ደረሰ። ፎከረ። ግንባሩን አጋጨ።

ሰዎቹ ሳቁ። ሳቁ አለቀ።

ከዚያ...

አንድ ሰው ብቻውን ሳቀ።

ዘግይቶ። መጨረሻው ላይ ስቅ ብሎ።

ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። አሁንም። እንደገና መለስኩት። በዚህኛው ግን ሳቅ አልመጣም። ሰዎቹ ሳቁ፣ ጸጥ አሉ፣ ከዚያ በሹክሹክታ...

“ምን አለ?”

በአማርኛ።

ከሶፋው ላይ ተነስቼ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅኩ። እንዴት እንዳልጮህኩ አላውቅም። ግን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ የማላፍርበት ነገር ነው። መለስኩለት። የስድስት ዓመት ልጅ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል፣ ቀስ ብዬ...

“ዛሬስ ጎንበስ እላለሁ ነው ያለው።”

ሳቀ።

ፈራሁ ወይ? አዎ። ግን ናፍቆቱ ከፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። ናፍቆት ነው በጆሮዬ የሚጫወትብኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋብሪካ ውስጥ ሰዓት እየቆጠርኩ ነው የምውለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ካሴቱን እከታለሁ። ምን አለ ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ይስቃል።

አንድ ቀን ሮማነወርቅ ሊፕስቲክ እየተቀባች ከመኝታ ቤት ወጣች።

“ፅጌ፣ ቮልዩሙን ኦፍ አድርገሽ ነው እንዴ የምታዪው?”

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። “አንቺ ጆሮሽን ታጠቢ” አልኳት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሳ ትሰድበኝ ነበር። አሁን ግን ትክ ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ያዘለ መሰለኝ። ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ነገሮች መለዋወጥ ጀመሩ...

ስልኩ ሲጮኽ ሮማነወርቅ እየሮጠች ታነሳዋለች። “ሮንግ ነምበር ነው” ትላለች። ሮንግ ነምበር አምስት ደቂቃ በሹክሹክታ ይወራል እንዴ?

እትዬ የወርቅውሃ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ ያለ ወትሮአቸው ምሳ ይዘው መጡ። ምግቡን አስቀምጠው ጸጉሬን ዳበሱኝና “ብዪ እንጂ ልጄ፣ አቅም ያስፈልግሻል” አሉኝ። ለምን እንደሚያስፈልገኝ አልነገሩኝም።

የማኅበረሰባችን ሽማግሌ ጋሽ መንገሻ ደወሉ። በየበዓሉ ካልሆነ የማይደውሉ ሰው ናቸው።

“ፈተናሽ መቼ ነው ልጄ?”

ፋብሪካው ውስጥ ከገጣጣሚነት ወደ ተቆጣጣሪነት ለማደግ እየተማርኩ ነበር። “ኦገስት ሃያ ስምንት ነው ጋሼ፣ ዓርብ ቀን። ምነው?”

“አይ፣ እንዲያው ነው። እንዲቀናሽ ልጸልይልሽ ብዬ።”

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ መጥረጊያ ፈልጌ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ተጣጣፊ ወንበሮች እላዬ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ቆጠርኳቸው። አሥራ ሁለት። የቤተ ክርስቲያን ወንበሮች ናቸው።

“ሮማን፣ ይሄ ሁሉ ወንበር ምንድነው?”

“የ... የማኅበር ነው። ቦታ ስለሌላቸው ሴቭ አድርጊልን ብለውኝ ነው” አለች። አንገቷን ደፍታ።

አገሬ ብሆን ገብቶኝ ነበር። ግን ሰው ማወቅ የማይፈልገውን ነገር አያውቅም። ዞር ብዬ አልጋው ላይ ነጩን አንሶላ አነጠፍኩ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሴቱን ከተትኩ። ድምቡሼ ተጋጨ። ሰዎቹ ሳቁ። ጸጥታ።

“ምን አሉሽ?”

“ዛሬስ ጎንበስ...” ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ምን አለ አልነበረም ያለኝ።

ድምፁ የልጅ አልነበረም። የትልቅ ሰው ነበር። የደከመው፣ ከንፈሩ የደረቀ ሰው...

“እታለም... አልነገሩሽም?”

ሶኬቱን ነቀልኩት።

ካሴቱን በፎጣ ጠቅልዬ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ወንድሜ እያናገረኝ ነበር፣ እኔ ፎጣ ጠቀለልኩበት።

ዓርብ ፈተናዬን ተፈተንኩ። አለፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሰው ትንፋሽ ቀሰቀሰኝ። ብዙ ሰው ባንድ ቤት ውስጥ ዝም ሲል የሚሰማ ዓይነት። የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ ሳሎን ወጣሁ።

አሥራ ሁለቱም ወንበሮች ተዘርግተዋል። ሁሉም ላይ ሰው አለ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ጥለውበታል።

ጋሽ መንገሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ፅጌ ልጄ... የሰው ልጅ...”

“ባዩ ነው” አልኳቸው።

ደነገጡ። ዞር ብለው ሮማነወርቅ ላይ አፈጠጡ። “ማነው የነገራት?”

“እመቤቴን! ትንፍሽ አላልኩም!” አለች እያለቀሰች።

“እሱ ራሱ ነው” አልኩ። “አልነገሩሽም ወይ ብሎ ጠይቆኛል።”

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እትዬ የወርቅውሃ ደረታቸው ላይ አጣብቀው እንደያዙኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

በኋላ ነው ሁሉን የሰማሁት። ወባ ነው። ለሜዲካሉ ሦስት ቀን ሲቀረው። ከካርቱም የተደወለው ለጋሽ መንገሻ ነው፤ እሳቸውም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ ወጉ በሚፈቅደው መንገድ እናርዳት ብለው ወሰኑ። ለእኔው አስበው ነው። አውቃለሁ። ክፋት የለበትም። ግን ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ አንሶላ ስመርጥ ነበር። ይህንን ይቅር ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

“መቼ ነው የሞተው?” አልኳቸው ጋሽ መንገሻን።

“ማክሰኞ። ኦገስት አራት። እኩለ ሌሊት ላይ ነው አሉ።”

በጣቴ ቆጠርኩ። ካርቱም እኩለ ሌሊት ሲሆን ኦክላንድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ በሳምንቱ ሐሙስ፣ ካሴቱን ልመልስ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከሽበታሙ ሰውዬና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ጥቁር ልብሴን አየና ስለ መዘግየቴ ምንም አልተናገረኝም። ካሴቱን ሲያይ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

“ይሄን ነው እንዴ የወሰድሽው? ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጁ ሳያውቅ ነው የሰጠሽ፤ ልጥለው ነበር።”

“ለምን?”

“ድምፅ የለውም። ስገዛውም የለውም ነበር። የወሰደው ሁሉ በማግስቱ ነው የሚመልሰው። አንቺ አንድ ወር ሙሉ ምን ስታዪበት ነበር?”

ሮማነወርቅ ያለችው ትዝ አለኝ...

“ክፈተው” አልኩት። “እባክህ አንዴ ክፈተው።”

ትከሻውን ሰበቀና ባንኮኒው ላይ ባለው ትንሽ ቴሌቪዥን ከፈተልኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ምንም። የድምቡሼ ሚስት አፏን ትከፍታለች፣ ምንም። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ምንም። እኔም በቃሌ የማውቀው አንድም ቃል አልሰማ አለኝ።

ድምቡሼ በሩ ጋ መጣ። ቆመ። አፉን ከፍቶ ፎከረ።

ከንፈሬን ነከስኩ። አልተረጎምኩም።

ግንባሩን አጋጨ።

በዚያችው ቅጽበት... ሳይዘገይ... ማንም ሳይነግረው...

ሳቀ።

ከቴሌቪዥኑ አልነበረም። ከኋላዬ፣ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ነበር። መጨረሻው ላይ ስቅ አለ።

ሽበታሙ ሰውዬ ቀና አለ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ባዶውን መደርደሪያ አየ።

“ሰው ይዘሽ ነው እንዴ የመጣሽው?” አለኝ።

አልዞርኩም። ክንዴ ላይ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ቀስ ብሎ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ጣት በሚያህል...

“አዎ” አልኩት። “ወንድሜ ነው።”